ፔስ 2013 ሊኑክስ ላይ አልከፈት አለኝ፤ ዊንዶውስን ልመልስ ወይስ ልታገስ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ቀን ታግዬ ሲያቅተኝ ነው የመጣሁት።

ላፕቶፔ ስላይትሊ ዩዝድ ተብላ የተገዛች ናት። ኢንቴል ኮር አይ 5፣ 4ኛ ትውልድ፣ ራሟ 8 ጊጋ። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የላትም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ብቻ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች አላውቅም ብሎ ከበር መለሰን። እኔም ከዊንዶውሱ ጎን ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩ። እውነቱን ለመናገር በሥራዬ በኩል ምንም አልጎደለብኝም። ብሮውዘሩ ፈጥኗል፣ ፋኑም እንደ ወፍጮ ቤት መጮሁን ትቷል።

ችግሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። ማታ ማታ ፔስ 2013 የሚባለውን የኳስ ጌም ካልተጫወተ ቤቱ ሰላም የለውም። ስለዚህ ስቲም የሚባለውን የጌም ሱቅ ጫንኩ፣ ዲ ድራይቭ ላይ የነበረውን ጌም እዚያ ውስጥ ጨመርኩ፣ የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ ከሚያስኬዱት የስቲም ፕሮቶኖች አዲሱን መረጥኩ። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁራል፣ ከዚያ ድርግም። ስህተቱ ምን እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ሁለት ቦታ ጠቅ ጠቅ አድርገው ትልልቅ ጌም ይጫወታሉ። እንግዲህ ወይ እነሱ ይዋሻሉ፣ ወይ እኔ አልገባኝም። ለእኔ ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ጌም መጫወት የሚባለው ነገር ወሬ ነው። የሚቃወመኝ ካለ ያሳየኝ።

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። 26 መልስ መጣ። መሃል ላይ ስድብም ስላለበት፣ ግማሹም ስለ ኳስ ስለሆነ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉን እያነበበ ፓኬጁን እንዳይጨርስ በየቁጥሩ በራሴ ቃል ላውራው።

1ኛው መልስ በጣም ትሁት ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ጂኢ ፕሮቶን የሚባለውን፣ ከስቲም ውጭ በበጎ ፈቃድ የሚዘጋጀውን የፕሮቶን ዓይነት እንድሞክር መከረኝ። የእሱ ጌም የመግቢያ ቪዲዮው አልታይ ብሎት በዚያ ነው የተፈታለት። አመስግኜ አወረድኩት። ያው ጥቁር ስክሪን።

2ኛው የ1ኛውን ምክር በጨዋ ደንብ ሻረው። መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የጠየቀ እሱ ብቻ ነው፦ ግራፊክስህ ምንድነው? አየሁና ኢንቴል ኤችዲ 4400 ነው አልኩት። በቃ፣ ምክንያቱ እሱ ነው አለኝ። ፕሮቶን ውስጥ ዲኤክስቪኬ የሚባል አስተርጓሚ አለ። ጌሙ ይህን ሣር ሣልልኝ፣ ይህን ማሊያ ቀይ አድርግልኝ የሚለው ዳይሬክት3ዲ በሚባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ነው። ዲኤክስቪኬ ያንን ተቀብሎ ቩልካን ወደሚባል ሌላ የግራፊክስ ቋንቋ ይተረጉመዋል፣ ካርዱም ቩልካኑን ሰምቶ ይሥላል። እስከዚህ ጥሩ። ግን ዲኤክስቪኬ ከእ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ ወዲህ፣ ማለትም ከ2.0 ጀምሮ፣ ቩልካን 1.3 የማይችል ካርድ አይቀበልም። ፕሮቶን 8ም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ይህንኑ ይዘው ነው የመጡት። የኢንቴል 4ኛ ትውልድ የቩልካን ድጋፍ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጎደሎ ነበር። ተርሚናል ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ድራይቨሩ ራሱ ድጋፌ ያልተሟላ ነው ብሎ ይጽፍልኝ ነበር። እኔ አይናገርም ብዬ የከሰስኩት የሚናገርበት ቦታ ስላላየሁ ነው።

መድኃኒቱም ቀላል ነበር። ስቲምን ተወው፣ ተራውን ዋይን ጫን አለኝ። ተራው ዋይን ዳይሬክት3ዲን ወደ ድሮው ኦፕንጂኤል የሚተረጉም የራሱ ሰው አለው። ከዲኤክስቪኬ ይዘገያል፤ ለከባድ ጌም አይሆንም። ፔስ 2013 ግን ዳይሬክት3ዲ 9 የሚናገር አሮጌ ጌም ስለሆነ ለኤችዲ 4400ም አይከብደውም። ኒቪዲያ ካርድ ላላቸውም መከረ፦ ጂቲኤክስ 600 እና 700 ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የእሱ ዕጣ ነው የደረሳችሁ፣ ድራይቨራችሁ 470 ላይ ቆሟል፣ ቩልካኑም 1.2 ላይ ቀርቷል፣ ስለዚህ ዲኤክስቪኬ 1.10.3ን ፈልጉ። ይሄ ሰው በአንድ መልስ ሦስት ቀኔን ሰበሰበልኝ። ስሙን ባውቀው ቡና እጋብዘው ነበር።

3ኛው ጾም ላይ ነን፣ ወይን ማዘዝ ምንድነው ብሎ ቀለደ። ከቀልዱ ሥር ግን ምርር ያለ ጥያቄ ነበር፤ ዋይን፣ ፕሮቶን፣ ዲኤክስቪኬ እያላችሁ ስም ትደረድራላችሁ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግረን የለም ይላል። እውነቱን ነው።

4ኛው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እዚህ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የእሳቸው መልስ ከሁሉም ይረዝማል፣ ከሁሉም ደግሞ ይጣፍጣል። ዋይን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሐሳቡ ለዊንዶውስ 3.1 የተሠሩ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ማስኬድ ነበር። ስሙ ከመጠጥ ጋር አይገናኝም፤ ፊደሎቹ ሲፈቱ ዋይን ኢምዩሌተር አይደለም የሚል ነገር ይወጣቸዋል። ልዩነቱ ምንድነው ላለ፦ ኢምዩሌተር ሌላ ማሽን መስሎ ይቀመጣል፣ እያንዳንዷን የፕሮሰሰር ትእዛዝ እያስመሰለ ስለሚሠራ ይዘገያል። ዋይን እንደዚያ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፣ የጌሙ ትእዛዝ በቀጥታ ይሄድለታል። ዋይን የሚገባው ፕሮግራሙ ዊንዶውስን አንድ ነገር ሲለምን ብቻ ነው። ፋይል ክፈትልኝ፣ መስኮት ዘርጋልኝ፣ ድምፅ አሰማልኝ ሲል፣ ዊንዶውስ የለም ሳይለው በሊኑክስ በኩል ያደርግለታል። ጋሼ በድሮው ቃል ቱርጁማን ብለውታል፤ ቃሉን ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ የራሳቸውን ታሪክ አመጡ። አሜሪካ በገቡ ጊዜ ቀን ፓርኪንግ እየሠሩ፣ ማታ ማታ ሰው በጣለው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ይጭኑ ነበር። ዋይንን ኮምፓይል ለማድረግ፣ ማለትም ከኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመቀየር፣ ተኝተው እስኪነሱ ይፈጅ ነበር። ጠዋት ሲነሱ የሚከፈተው ሶሊቴር ብቻ ነው፤ እሱም ካርዶቹ አንዳንዴ ይታያሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋሉ። ባለቤታቸው ይህን ሁሉ ሌሊት ለዚህ ነው እንዴ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ዋይን 1.0 የተባለው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2008 ነው፤ ከተጀመረ 15 ዓመት ሆኖት። ሥራውን ከ1994 ጀምሮ የሚመራው አሌክሳንደር ዡሊያር ዛሬም እዚያው ነው። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞሩና፣ እኔ 15 ዓመት ጠብቄያለሁ፣ አንተ በሦስት ቀን ወሬ ነው አልክ ብለው ወቀሱኝ። ጋሼ፣ ተቀብያለሁ።

5ኛው የጋሼን ታሪክ ካቆሙበት ቀጠለው። ስቲምን የሚያንቀሳቅሰው ቫልቭ ለምን ሊኑክስ ውስጥ ገባ ለሚለው የሰጠው ምክንያት ደስ አለኝ። ስቲም ዊንዶውስ ላይ ተከራይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 የራሱን ሱቅ ይዞ ሲመጣ የቫልቩ ጌብ ኒውል ይሄ ነገር ጥፋት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። አከራይህ ከአንተ ሱቅ አጠገብ ሱቅ ሲከፍት ሌላ ቤት መፈለግህ አይቀርም። መጀመሪያ በ2015 ስቲም ማሽን የሚባሉ ኮምፒውተሮች ወጡ፤ የሚጫወቱት ጌም ስላልነበራቸው ከሰሩ። ትምህርቱ ገባቸው። ጌም ሠሪው ለሊኑክስ እስኪሠራ ከመጠበቅ የዊንዶውሱን እንዳለ ማስኬድ ይሻላል። ፕሮቶን በነሐሴ 2018፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ በ27 የተፈተኑ ጌሞች ወጣ። ውስጡ ዋይን ነው፤ ኮድዊቨርስ ከሚባለው የዋይን ድርጅት ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ዲኤክስቪኬን ደግሞ የጀመረው ፊሊፕ ሬቦሌ የሚባል ሰው ነው፤ ኒር ኦቶማታ የሚባለውን ጌም ሊኑክስ ላይ መጫወት ፈልጎ። አንድ ሰው ለራሱ ጨዋታ ብሎ የጀመረው ነገር ዛሬ ስንቱን ያጫውታል። 3ኛው መላሽ እዚህ ላይ አሁን ገባኝ ብሎ አንድ ላይክ ሰጥቶ ወጣ።

6ኛው የራሴ ነው። ዋይንን ጫንኩ፣ ጌሙን በቀኝ ጠቅ አድርጌ በዋይን ክፈት አልኩ። ተከፈተ! የኮናሚ ምልክት ሲመጣ ወንድሜ ከሌላ ክፍል በድምፁ ብቻ አውቆት ሮጦ መጣ። ደስታው ግን ሩብ ሰዓት አልቆየም። የዘንድሮን ተጫዋቾች የሚያስገባውን ፓች ወደ ጌሙ ፎልደር ልገለብጥ ስል ዲ ድራይቭ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም አለኝ።

7ኛው ሦስት መስመር ነው፣ ሰላምታም የለውም። ዊንዶውስህ አልጠፋም፣ ተኝቷል አለኝ። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ሴቲንግ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሻት ዳውን ስትለው ግማሹን አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ ሊኑክስም በድራይቩ ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል ብሎ አይጽፍበትም። ዊንዶውስ ግባ፣ ሴቲንጉን አጥፋ፣ በደንብ ዝጋውና ተመለስ። አደረግኩ፣ ሠራ። አንዳንድ ሰው ትሕትና የለውም፣ መልስ ግን አለው።

8ኛው በዚያው ላይ ጨመረ። የስቲም ጌሞቻችሁን ከዊንዶውስ ጋር በምትጋሩት፣ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት የዲስክ ክፍል ላይ አታስቀምጡ ይላል። ምክንያቱን እኔም አላውቀውም ነበር። ፕሮቶን ለእያንዳንዱ ጌም የውሸት ሲ ድራይቭ ይሠራለታል፤ በዚያ ውስጥ ስማቸው ሲ እና ሁለት ነጥብ የሆነ ማገናኛዎች አሉ። ዊንዶውስ ደግሞ ሁለት ነጥብ ያለበትን የፋይል ስም አይቀበልም። አንድ ቀን ዊንዶውስ ገብታችሁ ዲስኩ ሲፈተሽ እነዚያ ፋይሎች እንደ ብልሽት ይቆጠራሉ፣ ጌሙም አልነሳም ይላል። ለሊኑክስ የራሱን ክፍል፣ ኤክስት 4ን፣ ስጡት።

9ኛው ሲመጣ አየሩ ተቀየረ። ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንድ ፔስ ነው? ዊንዶውስ እዚህ አገር በነፃ ነው፣ ሱቅ ሄደህ በትንሽ ብር ይጭኑልሃል፣ አክቲቬት ያደርጉልሃል፣ ጌምም በፍላሽ ይሞሉልሃል። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ሰው ሱስ ነው። በዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር፤ ግን ጋሼንም ነካካቸው፤ 15 ዓመት ካርታ ለመጫወት ሲሉ ጠፍተዋል አለ።

10ኛው በ9ኛው ላይ ዘነበበት። የሚናገረው ግን ከመራራ ልምድ ነው። አንድ ሱቅ በነፃ የጫነለት ዊንዶውስ አክቲቬተሩ ውስጥ ምን እንደነበረ አያውቅም፤ በሦስተኛው ወር የመመረቂያ ጽሑፉን ጨምሮ ፋይሎቹ ሁሉ ተቆለፉበት፣ ቢትኮይን ክፈል ተባለ። ሱቁ ሲሄድ እኛ አይደለንም አሉት። ጋሼን ስለነካህ ደግሞ ይቅርታ ጠይቅ ብሎ ጨረሰ። 9ኛው አልጠየቀም።

11ኛው ሁለቱንም በአንድ ዱላ መታቸው። ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ላይም ሆነ ሊኑክስ ላይ መጫወት ሌብነት ነው፣ ፔስህንም ጨምሮ አለኝ። ደነገጥኩ። ዝም አልኩ፣ ምን እላለሁ?

12ኛው ግን ዝም አላለም። ልግዛ ቢል በምን ይግዛ? የብር ካርዱ ውጭ አገር አይሠራም፣ ዶላር ያለው ካርድ ለማግኘት ደግሞ ስንት ቦታ መሄድ አለ። ጌም ሻጩ ብሩን አይፈልግም፣ ልጁ ግን ልጅ ነው ይላል። ፔስ 2013 ደግሞ ዛሬ በኮናሚ በኩል እንኳ የሚሸጥ አዲስ ኮፒ የለውም። የመጨረሻዋ ነጥብ ሕሊናዬን ትንሽ አቀለለችልኝ፣ ያን ያህል ባይሆንም።

13ኛው ነገሩን አበረደው። መስረቅም መግዛትም ሳያስፈልግ ሊኑክስ ላይ ያለ ዋይን በቀጥታ የሚሠሩ ነፃ ጌሞች አሉ አለ፦ ዶታ 2፣ ካውንተር ስትራይክ 2፤ ቀለል ያለ ለሚፈልግ ሱፐርተክስካርት፣ ስትራቴጂ ለሚወድ ዜሮ ኤዲ። 14ኛው ወዲያው፣ ዶታ ስንት ጊጋ እንደሆነ አይተሃል፣ ካርድ ሞልቼ እሱን ከማውረድ ፕሌስቴሽን ቤት ብጫወት ይረክሳል አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ካውንተር ስትራይክ 2 እኔ ላፕቶፕ ላይ ቢወርድም ቩልካን ስለሚፈልግ አይነሳም፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ ራሴው ደረስኩበት፣ ኮርቻለሁ።

15ኛዋ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ላብ የምትሠራ ልጅ ናት። ከ10ኛው ታሪክ ተነስታ፣ ሊኑክስ ስለሆንኩ ቫይረስ አይነካኝም ብላችሁ በዋይን ያገኛችሁትን ክራክ ሁሉ እንዳትከፍቱ አለችን። ይሄ ለእኔ ከሁሉም በላይ አዲስ ነገር ነበር። ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም ማስኬድ ከቻለ ቫይረስም ፕሮግራም ነው። ዋይን ሲጫን ዜድ የሚል ድራይቭ ይሠራል፤ ዜድ ማለት ሙሉ ኮምፒውተራችሁ ነው። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ በዋይን ከገባ የዋይኑን ሲ ድራይቭ ብቻ ሳይሆን በዜድ በኩል ሆም ፎልደራችሁን ያገኘዋል። ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስ ላቡ ውስጥ በየሳምንቱ ይመጣባታል፤ እሷ ፍላሹን ሊኑክስ ላይ ሰክታ ነው የምታጸዳው፣ ዋይን ግን እዚያ ማሽን ላይ በጭራሽ አትጭንም። ምክሯ፦ የዋይን ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ዜድን አጥፉ፣ ዶክዩመንት እና ዴስክቶፕ ከሆማችሁ ጋር የተያያዙበትን ፍቱ፣ ዋይንን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አትክፈቱ። በዚያው ማታ አደረግኩት።

16ኛው አላመናትም፤ አሥር ዓመት ሊኑክስ ተጠቅሜ አንድ ቫይረስ አላየሁም አለ። አላየሁምና የለም ይለያያሉ ብላ በ17ኛው መለሰችለት። አጭር፣ ንጹሕ።

ከዚያ ወንድሜ በእኔ አካውንት ገብቶ 18ኛውን ጻፈ። ሳላውቀው ነው፣ ይቅርታ። የጠየቀው ኤፍሲ 25፣ ያ የኢኤ ኩባንያ የኳስ ጌም፣ ይሠራል ወይ ነው። እንዲያውም ፔሱ ሰበብ ነበር፤ የሚፈልገው እሱን ኖሯል።

19ኛው ቁርጡን ነገረው። አይሠራም፤ ላፕቶፑ አዲስ ቢሆንም አይሠራም። ከፊፋ 23 ጀምሮ ኢኤ የራሱን የማጭበርበር መከላከያ አስገብቷል፣ ያ ነገር ደግሞ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። ዋይን ለፕሮግራሞች ይተረጉማል እንጂ የዊንዶውስ ከርነል የለውም። ዘበኛው እልፍኝ ካልገባሁ አልጠብቅም ይላል፣ ሊኑክስ ቤት ውስጥ ግን ያ እልፍኝ የለም። ቫሎራንትም እንዲሁ ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ለዓመታት በዋይን ሲሠራ ቆይቶ በ2024 ያንኑ የቫሎራንት ዘበኛ አስገባና ቀረ። ጂቲኤ 5ም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የኦንላይኑን በር ዘጋ፤ ታሪኩን ብቻህን መጫወት ግን ትችላለህ።

20ኛው የተናደደ ሰው ነው፣ ቢናደድም አይፈረድበትም። ኤፔክስ ሌጀንድስን ሊኑክስ ላይ ሁለት ዓመት ተጫውቷል፣ ለልብስና ለመሣሪያ ዶላር ከፍሏል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2024 ሠሪዎቹ አጭበርባሪዎች በሊኑክስ በኩል ይገባሉ ብለው ሁሉንም አስወጡ። የከፈለው ገንዘብ እዚያ ቀረ። ከዚያ ግን ንዴቱን 19ኛው ላይ አወረደው፤ እንዲህ እያላችሁ ነው ለኩባንያዎቹ ሰበብ የምትሰጡት፣ ቴክኒኩ አይቻልም ማለት ውሸት ነው፣ ሆዳም ናቸው በሉ አለው። 19ኛው አንተ ማንበብ አትችልም አለ። እዚህ ጋ ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ተካረረ፣ ቁጥር የማልሰጣቸው ሁለት መልሶችም ተሰርዘዋል።

21ኛዋ ከነታንያ፣ ከእስራኤል የጻፈች ናት። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ ብላ ለየቻቸው። ኢዚ አንቲቺት እና ባትልአይ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ መከላከያዎች ከ2021 ጀምሮ ፕሮቶን ላይ መሥራት ይችላሉ። ግን የጌሙ ባለቤት ይሁን ማለት አለበት። ኤልደን ሪንግ ኢዚ አንቲቺት አለው፣ እሷ ስቲም ዴክ በሚባለው የቫልቭ የእጅ ጌም ማጫወቻ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ትጫወተዋለች። የኤፔክስ ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ይሁን ብለው ኋላ አይሁን አሉ። የኢኤው እና የቫሎራንቱ ግን የራሳቸው ናቸው፣ እነሱ ሊኑክስን ከመጀመሪያውም አላሰቡትም። ስለዚህ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ፣ ሰው ምን እንደገጠመው በየጌሙ ተጽፏል። በመጨረሻ ያለችው ነገር አሳቀኝ፤ ስቲም ዴኳን ከ2022 ጀምሮ ይዛ፣ ውስጡ ሊኑክስ መሆኑን ያወቀችው ባለፈው ዓመት ነው። እኛ እዚህ ስለ ቩልካን እንጣላለን።

22ኛው እና 23ኛው ኳስ ናቸው። አንዱ ፔስ 2013 የመጨረሻው እውነተኛ ፔስ ነው፣ 2014 ላይ ፎክስ ኤንጂን ሲያስገቡ አበላሹት አለ። ሌላው ፊፋን ያልተጫወተ ኳስ አያውቅም አለ። ማስተር ሊግ፣ ካስቶሎ፣ የድሮ ትዝታ ሁሉ ተነሳ። ስለ ሊኑክስ አንዲት ቃል የለም። ሳልዋሽ፣ ከሁሉም ያስደሰተኝ ክፍል ነው፤ ለመዝገቡ ግን እኔም ከ2013 ወገን ነኝ።

24ኛው ጌም አልጫወትም ብሎ ገባ። የአባቱ የድሮ ጽሑፎች በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፉ ናቸው፣ ሊኑክስ ላይ ሲከፍታቸው የላቲን ፊደል ዝርክርክ ብቻ ይታየዋል፤ ዋይን ይሄንንስ ያድናል ወይ ብሎ ጠየቀ። 25ኛው ጋሼ ናቸው። ከ9ኛው ጋር የነበረውን ነገር ምንም ሳያነሱ ለልጁ በትዕግሥት አስረዱት። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት የዓለም ፊደላት መዝገብ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ዋይን አያስፈልግህም፣ የሚያስፈልግህ ፎንቱ ነው። ከድሮው ዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ውስጥ ቅዳውና ሆምህ ውስጥ ባለው የፎንት ፎልደር አስቀምጠው፣ ሊብሬኦፊስ ያነበዋል። ልጁ በማግስቱ መጥቶ ጋሼን መረቃቸው። የአባቱን የ1988 ዓ.ም. ደብዳቤ አንብቦ ነበር።

26ኛው የእኔ ነው። አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ወሬ ነው ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ግን ሁሉም ጌም ይሠራል የሚሉትንም አልቀበልም። እንደገባኝ ሁለት ነገር ነው የሚወስነው፦ ግራፊክስህ ቩልካንን ምን ያህል ይችላል፣ ጌሙ ውስጥ ዘበኛ አለ ወይስ የለም። የቀረው በ7ኛው መልስ ዓይነት ሦስት መስመር ይፈታል። ዊንዶውስ 10ን አልደመሰስኩትም፣ 60 ጊጋ ሰጥቼ ጥግ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ኢንተርኔት ግን አላስገባለትም። ለኤፍሲ 25 ወንድሜ ፕሌስቴሽን ቤት ይሄዳል፤ እሱ ራሱ ነው ያለው።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለኝ። የወንድሜ ጆይስቲክ ስም የለሽ፣ ርካሽ የዩኤስቢ ነው። ዋይን ያየዋል፣ በጌሙ ሴቲንግ ውስጥም በተኖቹን አስተካክላቸዋለሁ። ጌሙ ሲጀምር ግን መሮጫው እና መምቻው ቦታ ይለዋወጣሉ። ትናንት አጥቂው ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኝቶ፣ ሩጥ ሲለው ከመሃል ሜዳ መታው። 4 ለ 0 አሸነፍኩት፤ እሱ ግን ጆይስቲኩ ነው ብሎ ውጤቱን አልቀበልም ብሏል። ስቲም ውስጥ ቢሆን የስቲም ማስተካከያ ይፈታው ነበር ይባላል፣ እኔ ግን ያለ ስቲም ነው የምከፍተው። የሚያውቅ ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ የመልሱ ግጥሚያ ቅዳሜ ነው።